ድሬ ላይ «ማንን መረጡ?» ብሎ በር ማንኳኳት

ይህን የምጽፈው ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለአንድ ድርጅት ጥናት ብለው ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ምርጫ መጠይቅ ይዘው ለሚወጡ ልጆች ነው። ያደግሁት እዚያው ድሬ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ነው። መጀመሪያ በሌላ ሰው ጥናት ላይ በመረጃ ሰብሳቢነት፣ በኋላ ደግሞ ለራሴ የማስተርስ ጽሑፍ ከሳቢያን እስከ መልካ ጀብዱ ዞሬያለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ መጠይቁ ብዙ ይነገራል፤ ጥያቄው እንዴት ይጻፍ፣ የቱ ይቅደም፣ አማራጩ ስንት ይሁን። ስለ ጠያቂው፣ ስለ ሰዓቱ፣ እዚያው ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ስለሚሰማው ሦስተኛ ሰው ግን እምብዛም አይወራም። ድሬ ላይ መልሱን የሚወስኑት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው ባይ ነኝ።

ከደብዳቤው ልጀምር። ዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ ይጽፋል፣ ደብዳቤው ቀበሌ ይገባል፣ ቀበሌ ደግሞ ከልቡ ሊረዳችሁ ብሎ ቤት የሚያሳይ ሰው ይመድብላችኋል። ሰውየው ሰፈሩን ያውቃል፣ ውሻ ያለበትን ግቢ ያውቃል፣ ሲያንኳኳም ቶሎ ይከፈትለታል። ችግሩ ይኸው ቶሎ መከፈቱ ነው። መታወቂያ ሲታደስ የምታገኘው ሰው አጠገባችሁ ቆሞ አንዲትን እናት «የመንግሥትን ሥራ እንዴት ያዩታል?» ብትሏት «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ይጎድላል ልጄ» ከማለት ሌላ ምን ትበል? እኔ ቀበሌውን አሳውቃለሁ፣ ማህተሙን አስመታለሁ፤ የተመደበልኝን ሰው ግን የቀበሌውን ወሰን ብቻ እንዲያሳየኝ ለምኜ፣ ሻይ ጋብዤ እሸኘዋለሁ። ደብዳቤውም ከቦርሳ የሚወጣው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ክብ ማህተም ቀድሞ ከታየ እናንተ ተማሪ መሆናችሁ አበቃ።

አፍሮባሮሜትር በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ ተቋም ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ሠርቷል። ጠያቂዎቹ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ለመሆኑ ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብለው ይጠይቃሉ። ገለልተኛ መሆናቸው መጀመሪያ ላይ ተነግሯቸውም «መንግሥት ነው» የሚሉ ሰዎች በየአገሩ ጥቂት አይደሉም። ይህን ጥያቄ ያለ ይሉኝታ ውሰዱት። መጨረሻ ላይ «መንግሥት ነው የላካችሁ» ያሉትንና «ተማሪ ናችሁ» ያሉትን ለይታችሁ የሁለቱን መልስ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ ከፍርሃትና ከአክብሮት የመጣው መልስ የቱ ጋ እንዳለ ፍንጭ ታገኛላችሁ።

ናሙና ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ ያኔ የአስተዳደሩ ሕዝብ 341,834 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ የት እንደደረሰች የሚያይ ሰው በዚያ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ናሙና ማውጣት እንደማያዋጣ አይጠፋውም። የቀበሌ መዝገብም ተከራዩን በደንብ አይዘውም፤ ተከራዩ ደግሞ ወጣቱ ነው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ነው፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሚኖረው ነው። ስለዚህ በእግር እየተራመዱ መምረጥ ይሻላል። አሠራሩ የታወቀ ነው። መነሻ ቦታ በዕጣ ይወጣል፤ አንዱ ጠያቂ ፀሐይ ወዳለችበት፣ ሌላው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ የቀሩት ግራና ቀኝ ይሄዳሉ። ስንተኛው ቤት እንደሚገባ የሚወስነው ዕለቱ ነው፤ ቀኑ 14 ከሆነ 1 እና 4 ተደምሮ አምስተኛው ቤት ይሆናል። (ድሬ ላይ በቀትር «ወደ ፀሐይ ሂድ» ማለት ወደ ላይ ውጣ ማለት ነው፤ ደግነቱ በዚያ ሰዓት የሚወጣ ጤነኛ ሰው የለም።) ከዚራ ሰፈር ላይ ይህ ያለ ችግር ይሠራል፤ በባቡሩ ዘመን የተቀየሰ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። መጋላ ሰፈር ስትገቡ ግን መተላለፊያው ይጠማዘዛል፣ አንዱ በር ከኋላው አምስት አባወራ ይዞ ይገኛል። እዚያ በር ሳይሆን ጉልቻ ቁጠሩ።

ቤቱ ከተመረጠ በኋላ ደግሞ ከቤተሰቡ ማን እንደሚጠየቅ ዕጣ አውጡ። 18 ዓመት የሞላቸውን በካርድ ቁጥር ሰጥቶ እዚያው በረንዳ ላይ ማስመረጥ ነው፤ ልጆቹም ይዝናናሉ፣ ሰውም ተንኮል እንደሌለበት ያያል። ይህን ካላደረጋችሁ ጠዋት በር የሚከፍተውን ብቻ ነው የምትጠይቁት፤ በሌላ አነጋገር ሽማግሌውንና ሥራ ያልወጣችውን ሴት። ዕጣው የወጣለት ሰው ቤት ከሌለ ተመለሱ እንጂ ጎረቤት አትተኩ። «400 ሰው ከሞላልኝ ይበቃኛል» የሚል ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። 400 ሰው በትክክል በዕጣ ከተመረጠ የስሕተት ወሰኑ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችለው፣ ወደ 5 ከመቶ ግድም ነው፤ ያንን በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ሰው ያስፈልጋል። በዕጣ ካልተመረጠ ግን ቁጥሩ ምንም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የላኩለትን መልስ ቆጥሮ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በምርጫው ይሸነፋል ብሎ ነበር፤ ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጠይቁን የላከው ባብዛኛው የስልክና የመኪና ባለቤቶች ዝርዝር እያየ ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ አስቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ በርጫ፣ ሰው ተሰብስቦ ጫት ወደሚቅምበት።

ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ የድሬ ወንድ ቤቱ አይገኝም፤ ቢገኝም ብቻውን አይገኝም። ለጠያቂ ይህ ጊዜ ያጓጓል፤ ሰዎቹ ተሰብስበው ተቀምጠዋል፣ ጥላ አለ፣ ውሃና ለውዝ ይቀርባል፣ ምርቃናው ሲመጣ ደግሞ ማንም የማይደፍረው ነገር ሁሉ ይነገራል። አንዱን ብትጠይቁ አምስቱ ይመልሳሉ። «አቦ እሱን ተዪው፣ እኔ ልንገርሽ!» ይላል ያልተጠየቀው። የተጠየቀው ሰው መጨረሻ ላይ የሚሰጣችሁ መልስ የእሱ አይደለም፣ የቤቱ ነው። እዚያ ቤት ነገም ተመልሶ ስለሚቀመጥ ከጓደኞቹ ውጭ የሆነ ነገር አይናገርም። ስለዚህ በርጫ ላይ መጠይቅ አትሙሉ።

ግን አትራቁትም። በርጫ የምትቀመጡት መጠይቁ ከመጻፉ በፊት መሆን አለበት። ሰዉ ስለ ምርጫ ሲያወራ ምን ምን እንደሚያነሳ፣ ፓርቲዎቹን በስማቸው ወይስ በምልክታቸው እንደሚጠራ፣ ስለ ማን ሲወራ ድምፁ ዝቅ እንደሚል የሚሰማው እዚያ ነው። ለምሳሌ ከትልልቆቹ ሰዎች ብዙዎቹ ኢህአዴግን በስሙ አይጠሩትም፤ «ንብ» ነው የሚሉት። በ2013 ደግሞ «አምፖል» ማለት ብልጽግና ነበር። መጠይቃችሁ ላይ የፓርቲ ስም ብቻ ዘርዝራችሁ ብትመጡ «አላውቀውም» የሚላችሁ ሰው ምልክቱን ቢያይ ያውቀው ነበር።

ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ1940 ፖል ላዛርስፌልድ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ኢሪ በተባለ ወረዳ፣ አንድን የመራጮች ቡድን ከግንቦት እስከ ኅዳር እየተመላለሱ ጠይቀው ነበር። ሬዲዮና ጋዜጣ የሰዉን ሐሳብ ይቀይራል ብለው ሲጠብቁ፣ ያገኙት ሰው ይበልጥ የሚሰማው በዙሪያው ያለ፣ ነገር የሚከታተል ጓደኛውን ወይም ዘመዱን መሆኑን ነው። ይህን ሳነብ የታየኝ የሰፈራችን በርጫ ቤት ነው። ሬዲዮ የሰማ፣ ፌስቡክ ያየ፣ ዲያስፖራ ወንድም ያለው አንድ ሰው ይኖራል፤ ሌላው እሱን ይሰማል። ስለዚህ «ዜና ከየት ያገኛሉ?» ከማለት ይልቅ «ስለ ምርጫ ሲወራ የማንን ሐሳብ ይሰማሉ?» ብትሉ ድሬ ላይ የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ። ስም አያስፈልግም፤ ጎረቤት ነው፣ ወንድም ነው፣ ሼኽ ነው፣ የዕድር ሰብሳቢ ነው፣ ይበቃል።

ሴቶች ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ቡና ሲፈላ ሄዳችሁ አንዷን ለብቻዋ ማነጋገር ይቻላል፣ ጠያቂዋ ሴት ከሆነች። ባልየው ቤት ካለ «እኔ የመለስኩት አይበቃም ወይ? የሷም ያው ነው» ይላል። አልከራከርም። «ሐጂ፣ ዕጣው የወጣው ለእሳቸው ነው፤ እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው» እላለሁ፤ የካርዱ ዕጣ እዚህ ላይ ያድናል። ሴቶቹ ስለ ውሃ፣ ስለ ልጅ ሥራ ማጣት፣ ስለ ኪራይ ሲያወሩ ወንዶቹ ስለ ሥልጣን ክፍፍል ከሚያወሩት በላይ ይረዝማል። የቤኒኑ ተመራማሪ ሊዮናርድ ዋንቼኮን እ.ኤ.አ. በ2001 በአገሩ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዘመቻ ላይ መንደሮችን በዕጣ ከፍሎ፣ ለአንዳንዱ «ለእናንተ ለይተን ይህን እናደርጋለን» የሚል፣ ለሌላው አገር አቀፍ ፖሊሲ የሚያነሳ መልእክት እንዲቀርብ አድርጎ ነበር። ለይቶ መስጠት በጥቅሉ ብዙ ድምፅ አስገኘ፤ ሴቶቹ ግን ከወንዶቹ ይልቅ የፖሊሲውን መልእክት ሰምተው ነበር። ቤኒን ድሬ አይደለችም፤ ያም ሆኖ ወንዱን ብቻ ጠይቃችሁ «የድሬ መራጭ እንዲህ ነው» እንዳትሉ የሚያስጠነቅቅ ይመስለኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄ ስለ ብሔር ነበር፤ ምክንያቱም ድሬ መልሱን አስቀድማ አዘጋጅታ ትጠብቃችኋለች። «እኛ ዘር አንቆጥርም፤ ድሬ የፍቅር ከተማ ናት።» ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው በአንድ ግቢ ሦስት ቋንቋ እያቀላቀለ ያደገበት ከተማ ነውና አባባሉ ውሸት አይደለም። እኔም የምለው ነው፤ ከልቤ። ነገር ግን ለተመራማሪ ትልቅ ወጥመድ ነው። ሌላ አገር ሰው ስለ ብሔር ሲጠየቅ መንግሥትን ወይም ጎረቤትን ፈርቶ ዝም ሊል ይችላል፤ የድሬ ልጅ ግን የሚያስጠብቀው የከተማውን ስም ነው። በብሔር መረጥኩ ማለት ከድሬ ልጅነት መውጣት ይመስለዋል። ስለዚህ «ዕጩ ሲመርጡ ብሔሩን ያያሉ?» የሚለው ጥያቄ ከሞላ ጎደል ሁሉም «በጭራሽ» የሚልበት፣ ምንም የማይለካ ጥያቄ ነው።

በሌላ በኩል የፖለቲካው አወቃቀር ራሱ ብሔርን ሲቆጥር ኖሯል። በኢህአዴግ ዘመን የከተማዋ ሥልጣን 40 ለ40 ለ20 በሚባለው ቀመር፣ 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለተቀረው ተብሎ ይከፋፈል ነበር። ወጣቶች አደባባይ ወጥተው ይቅርብን ያሉትም ይህንኑ ነው። «ድሮውንስ የኔ ድምፅ ምን ይቀይራል፣ ወንበሩ ተከፋፍሎ አልቋል» የሚል መልስ ከሰማችሁ ግዴለሽነት ብላችሁ አትመዝግቡት። ሰውየው የነበረውን አሠራር በደንብ ስለሚያውቅ ነው።

ጠያቂው ማን እንደሆነም ይቆጠራል። ገና ቁጭ ሳትሉ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ትባላላችሁ፤ ከስማችሁና ከአነጋገራችሁ ተነሥተው ቦታ ይሰጧችኋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሱት ለዚያ ቦታ ነው። አዲዳ፣ ፌሪ፣ ፖስነርና ሮቢንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የአፍሮባሮሜትርን መረጃ ፈትሸው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ይህንኑ ነው፤ ጠያቂና ተጠያቂ ከአንድ ብሔር ሲሆኑና ሳይሆኑ መልሱ ይለያያል። መፍትሔው ሁሉንም ከራሱ ወገን ጋር ማገናኘት ነው ብዬ አላምንም፤ ያም የራሱን ማዘንበል ያመጣል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚጠይቁ ልጆችን ያዙ፣ ለየቤቱ በዕጣ መድቡ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተጠየቀና ማን እንደጠየቀ በመረጃው ላይ የራሱ ዓምድ ይኑረው።

ወቅቱንም አትርሱ። አይፈርት፣ ሚጌልና ፖስነር የተባሉ ተመራማሪዎች ከአሥር የአፍሪካ አገሮች ከ35,000 በላይ ሰዎች የሰጡትን መልስ ተመልክተው፣ ፉክክር የበረታበት ምርጫ በቀረበ መጠን ሰዎች ራሳቸውን በብሔር የመግለጽ ዝንባሌያቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ምርጫ በሌለበት ዓመት ጠይቃችሁ «ድሬ በብሔር አትመርጥም» ብትሉ፣ ወይ ምርጫው ሊደርስ ሲል ጠይቃችሁ ተቃራኒውን ብትሉ፣ ሁለቱም የወቅቱን ነው የሚናገሩት። ቢቻል ሁለት ጊዜ ጠይቁ፤ ካልተቻለ ደግሞ ርዕሱ ላይ ወቅቱን ጻፉት።

በቀጥታ የማይጠየቀውን በዘወርዋራ መጠየቅ ይቻላል። ለእኔ በደንብ የሠራልኝ የዝርዝር ሙከራ የሚባለው ነው። ተጠያቂዎቹን በዕጣ ሁለት ቦታ ትከፍላላችሁ። ለአንደኛው ቡድን አራት ነገር ታነብባላችሁ፤ ለምሳሌ ዕጩን ለመምረጥ ምክንያት የሆኑ፣ ትምህርቱ፣ የሰፈር ልጅነቱ፣ ንግግሩ፣ ዕድሜው። «የትኞቹ እንደሆኑ አይንገሩኝ፣ ስንቱ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ» ትላላችሁ። ለሁለተኛው ቡድን በአራቱ ላይ ብሔሩን ጨምራችሁ አምስት ታነብባላችሁ። የመጀመሪያው ቡድን አማካይ 2.1፣ የሁለተኛው 2.4 ቢሆን እንበል፣ ልዩነቱ 0.3 ነው፤ ወደ 30 ከመቶ የሚሆኑት ብሔርን ቆጥረዋል ማለት ነው። ማን እንደቆጠረ ግን እናንተም አታውቁም፣ ተጠያቂውም ይህን ያያል። ትልልቅ ሰዎች ቁጥሩ ስለሚጠፋባቸው እፍኝ ለውዝ እሰጣለሁ፤ እጃቸውን ከጀርባ አድርገው ለእያንዳንዱ «አዎ» አንድ ፍሬ ወደ ሌላው እጅ ያሻግራሉ፣ መጨረሻ ላይ ቆጥረው ይነግሩኛል። ለውዙ ይበላል። የዘዴው ክፍያ ብዙ ሰው መፈለጉ ነው፤ በ200 ሰው አትሞክሩት፣ ስሕተቱ ግኝቱን ይውጠዋል።

«ባለፈው ምርጫ መርጠዋል?» ሲባልም አብዛኛው «አዎ» ነው። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች መልሱን ከመራጮች መዝገብ ጋር አመሳክረው ሳይመርጡ መረጥን የሚሉ ብዙ እንደሆኑ አረጋግጠዋል፤ ድሬ በዚህ የተለየች አትሆንም። እኔ መውጫ እሰጣለሁ፦ «በዚያ ቀን ብዙ ሰው በሥራ፣ በሕመም፣ በሰልፉ ርዝመት ሳይመርጥ ቀርቷል፤ እርስዎስ ተመችቶዎት ነበር?» ቀኑንም ጥሩት። በ2013ቱ ምርጫ ድሬዳዋ ድምፅ የሰጠችው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው፤ ሐረሪ ክልል ግን መስከረም 20 ቀን 2014። አንዱን መጠይቅ ይዛችሁ ሁለቱን ከተማ ካዳረሳችሁ «የ2013 ምርጫ» የሚለው ሐረር ላይ ግራ ያጋባል።

ሐረር በጠቅላላው የራሷ መጠይቅ ያስፈልጋታል። የክልሉ ምክር ቤት 36 ወንበር አለው፤ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ነው፤ ሁለተኛውን የሚመርጡት ሐረሪዎች ብቻ ናቸው። ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር፣ አንድ ሰው «ለምክር ቤት መረጥኩ» ቢላችሁ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትለፉ። የድሬን ወረቀት ገልብጣችሁ ወደ ሐረር አትውጡ።

ስምምነትን በተመለከተ፣ ብዙ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ተጠያቂው የፈረመበት ቅጽ ይፈልጋሉ። ስለ ፖለቲካ ሊጠየቅ የተቀመጠን ሰው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ማለት ቃለ መጠይቁን እዚያው መጨረስ ነው፤ የፈረመም ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቃል ይመዝናል። ማመልከቻችሁን ስታስገቡ ከወዲሁ የቃል ስምምነት እንዲፈቀድላችሁ ምክንያቱን ጽፋችሁ ተከራከሩ። በስልክ የምትሞሉ ከሆነ የቦታ መጠቆሚያው ቤቱን ለይቶ እንዳይመዘግብ አጥፉት። ስም አትጻፉ፣ ሰዎቹ ራሳቸው «ጻፊው፣ እኔ አልፈራም» ቢሉ እንኳ።

በመጨረሻ «አላውቅም» የሚለውን መልስ አትጣሉት። ፊሊፕ ኮንቨርስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳሳየው ብዙ ሰው በአንዳንድ ጉዳይ ላይ የጸና አቋም የለውም፤ ደግሞ ሲጠየቅ ሌላ ይመልሳል። እንዲህ ያለው «አላውቅም» እውነተኛ ነው። ሌላው ግን ጥያቄውን አልሰማም፣ ሌላው አይነግራችሁም፣ ሌላው ደግሞ ባልዋን አይታ ነው ያለችው። እኔ ለእያንዳንዱ የተለየ ኮድ ሰጥቼ፣ ከጎኑ «ሌላ ሰው አጠገብ ነበር ወይስ አልነበረም» የሚል ዓምድ አስገብቼ፣ ጠያቂዎቹ ከበር እንደወጡ ገና ሳይርቁ እንዲሞሉት አደርጋለሁ። ቤት ገብተው ማታ ከሞሉት የበርጫውንና የበረንዳውን ያደበላልቁታል።